ስለ አንድ የወተት ክዳን፣ ከኤረር እስከ ጅግጅጋ

ማክሰኞ ማለዳ ከኤረር የተነሳሁት ስለ ክዳን ልከራከር ነው። የግመል ወተት የምንጭንበት የብረት መያዣ ክዳን። የፈጠረው ሙሴ የሚባል የሽንሌ ሰው ነው። ጎበዝ ነው፣ አልክድም፤ ክዳኑ ወተት አያፈስም፣ አቧራ አያስገባም። ስለዚህ ወተት ሻጮችና ባለመኪናዎች ተሰብስበን፣ ይህ ክዳን የሌለው ወተት እንዳይጫን ተስማማን። ሙሴም “የፈጠራ መብቱ የእኔ ነው፤ ግን ማንም ባለሙያ ይሥራው፣ ተገቢውን ብቻ ይክፈለኝ” አለ። እጃችንን ዘርግተን ፋቲሃ ቀራንበት። ቃለ ጉባኤው የያዘው የመጫኑን ስምምነት ብቻ ነው፤ የሙሴን ቃል ማንም አልጻፈውም። በእኛ ዘንድ ፋቲሃ የተቀራበትን ቃል መጻፍ ሰውን መጠርጠር ነው።

አሮጌው ክዳን ከገበያ ሲጠፋ ሙሴ ተለወጠ። ለአክስቱ ልጅ የመሥሪያ ፈቃዱን በትንሽ ዋጋ ሰጠ። ብረት እየበየደች አራት ልጆች የምታሳድገውን ልጄን ሆዳንን ግን አምስት እጥፍ ጠየቃት። “ብረቱንም ከእኔ ሱቅ ብቻ ትገዣለሽ” አላት። ሆዳን ለመበየጃ ማሽኗ ገዢ ስታፈላልግ ሰማሁና ጫማዬን አጠለቅሁ።

ከባቢሌ ወዲያ

ድሬዳዋ ሳምቡሳ በሻይ ቀምሼ የጅግጅጋ ሚኒባስ ያዝኩ። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ከዚያ አልፈን፣ ድንጋዮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ከተደራረቡበት ሸለቆ ስንገባ፣ ረዳቱ “መቶ መቶ ብር ጨምሩ” አለ።

“ድሬ ላይ ለምን አልነገርከንም?”

“አያዮ፣ ካልተስማማሽ ውረጂ።”

“እዚህ? ማን ሊጭነኝ፣ ዝንጀሮ?”

መኪናው በሙሉ ሳቀ። አልከፈልኩም፤ ሌሎቹም ብራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ካራማራን እስክንወጣ ረዳቱ አኩርፎ በመስኮት ያይ ነበር። አያዮ፣ አያቴ እያልክ የጠራሃትን ሴት በረሃ ላይ ውረጂ ስትል ማኩረፍ ያንስሃል።

ጅግጅጋ፣ ረቡዕ

ያደርኩት የእህቴ ልጅ ቤት ነው። ጠዋት ላሆ የምንለውን ስስ ቂጣ በቅቤና በስኳር በልቼ ወደ ንግድ ቢሮ ሄድኩ። አቤቱታዬን የተቀበለው ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት ባለሙያ ነው። ሙሴም የብረት ሱቁ እዚያው ጅግጅጋ ነውና ተጠርቶ፣ ማኅደሩን ታቅፎ ተቀምጧል።

“እማማ፣ ፓተንት እኮ የራሱ ንብረት ነው” አለኝ ባለሙያው።

“ይሁን። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ግመሎቹን ቀድሞ ያጠጣል፣ የድካሙንም ይቀበላል። ግን ሌላው ጉድጓድ ሁሉ ከተደፈነ በኋላ የተጠማ አይመልስም። ላንዱ በባልዲ፣ ላንዱ በማንኪያ አይቀዳም።”

ባለሙያው ብዕሩን አነሳ። “ሌላ ክዳን ያለው ወተት ይጫናል?”

“አይጫንም።”

“እንግዲያው የውድድር ሕጉ ይመለከተዋል። ገበያውን ብቻውን የያዘ ሰው አንዱን ካንዱ ማበላለጥም፣ ሌላ ዕቃ ከእኔ ግዙ ብሎ ማስገደድም አይችልም። ግን እማማ፣ ለሁሉም እሰጣለሁ ማለቱን በምን ያስረዳሉ?”

ሙሴ ፈገግ አለ። “ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።”

ወደ እሱ ዞሬ እጆቼን ለዱዓ ዘረጋሁ። “ሙሴ፣ እጅህን ዘርጋና አላልኩም በል።”

እጆቹ ከማኅደሩ ሥር አልወጡም። “ብያለሁ” አለ በመጨረሻ፤ “ዋጋውን ግን አልተናገርኩም።”

“ለአክስትህ ልጅ ተናግረሃል። ጻፍልኝ ልጄ፣ ሁለቱንም ጻፍ!”

ባለሙያው ሲጽፍ ሙሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “አያዮ፣ ለሆዳን በዚያው ዋጋ እሰጣለሁ። አቤቱታውን አንሺ፣ እዚሁ ይለቅ።”

ለአፍታ አራቱ የልጅ ልጆቼ ፊቴ ድቅን አሉ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “ለሆዳን ብቻ አይደለም! ለሚሠራው ሁሉ፣ በአንድ ዋጋ፣ ብረቱንም ከፈለገበት ገዝቶ!” አልኩ። በኮሪደሩ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

ሙሴ ሰዎቹን አየ፣ ባለሙያው ያልኩትን የጻፈበትን ወረቀት አየ። ፈረመ።

መልስ

ሐሙስ መናኸሪያ ላይ ሚኒባስ ከመግባቴ በፊት፣ “ታሪፉን ጻፍልኝ” አልኩት ረዳቱን። ሳቀብኝ፤ ጻፈ ግን። ባቢሌም፣ ሸለቆውም ላይ አንድ ብር የጨመረ የለም።

ኤረር ስደርስ ሆዳን ማሽኑን ገና አልሸጠችም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ “ለእኔ ብቻ እሰጣለሁ ቢልሽ ትቀበይ ነበር?” አለችኝ።

“ብሎኝ ነበር” አልኳት።

መነጽሯን አጥልቃ ማሽኑን አስነሳች። ከእንግዲህም በስብሰባችን ፋቲሃውን እንቀራለን፤ እጃችንን ከመሰብሰባችን በፊት ደግሞ ቃሉ ይጻፋል። የሚቀየም ካለ ይቀየም።