የአርባ አንዱ ስልክ

ወንድዬ ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ይኖራል። ሥራው የስልክ መተግበሪያ መሥራት ነው። ባለፈው ዓመት ቃሊቲ ላለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ የፈረቃ መጥሪያ ሠራ። ሠራተኛው በስልኩ «እመጣለሁ» ብሎ ካልመለሰ ተራው ለሌላ ይሰጣል።

መተግበሪያው ከስንተኛው አንድሮይድ ጀምሮ ይሥራ የሚለውን አለቃው የሺዋስ ለእሱ ተወለት። ከሺህ ሦስት መቶ ሠራተኞች ስልካቸው አንድሮይድ ሰባትና ከዚያ በታች የሆነው አርባ አንድ ብቻ ነበሩ። ለእነሱ ሲባል ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ሙከራ ሊደረግ ነው። ወንድዬ ደክሞታል። «ከስምንት ይጀምር» ብሎ ጻፈ።

ከአርባ አንዱ አንዷ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ብዙወርቅ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ፋብሪካ ካርቶን አጥፈዋል። ስልኩ የሟች ልጃቸው የተክሌ ነው። ሦስት ቀን ሳይጠሩ ሲቀሩ የወንድዬን በር አንኳኩ።

«ስልኩ እምቢ አለኝ እኮ። ተቆጣጣሪው ስልክሽ አርጅቷል ይለኛል።»

ወንድዬ ወዲያው ገባው። ውሳኔው የራሱ መሆኑን ግን አልነገራቸውም።

«አዲስ ሲስተም ልጫንበት። ውስጡ ያለው ግን ይጠፋል፤ የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ገልብጫለሁ። ሌላ ምን አለኝ?»

ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኘው በድምፅ ቅጂዎች የተሞላ ፎልደር አየ። ሊጠይቃቸው አሰበ። ደግሞ እሺ ብለዋል አለና ጫነው።

በሁለተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የልጄን ድምፅ የት አደረግከው?»

ተክሌ ታሞ በተኛበት ጊዜ ለእናቱ የቀዳው ነበር። እሳቸው እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያዳምጡታል።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ፣ እትዬ።»

«ድምፁ ይጠፋል አላልከኝም!»

በዚህ መሃል እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ፤ የፈረቃ ጥሪ ነው። እንባቸው እየወረደ ስልኩን ዘረጉለት።

«የቱን ነው የምጫነው?»

አረንጓዴውን አሳያቸው።

ከወር በኋላ በስብሰባ ላይ የሺዋስ፣ «ከአሮጌዎቹ ስልኮች ቅሬታ መጣ?» ሲል ጠየቀ።

«አንድም የለም» አለ ወንድዬ።

በዓመቱ ገደቡን ወደ ዘጠኝ ከፍ አደረጉት። የእትዬ ብዙወርቅ ስልክ ስምንት ላይ ነበር። አሁን ግን የማንንም በር አላንኳኩም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ወንድዬ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላቸዋል። እሳቸውም የደረጃውን ብረት ይዘው፣ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ።