እጅ የሚገባበት ግድግዳ

ተማሪዎቼ ለጭቃ ቤት ምርምራችን ብለው በግቢው ጓሮ ያቦኩት ጭቃና ጭድ ሰንብቶ መሽተት ሲጀምር፣ ሁሉም አፍንጫቸውን ይዘው ሲሸሹ እኔ መምህርቷ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ያደግኩበት የቀጨኔው ቤታችን ሽታ ነበር።

ቤታችን ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራ ነበር። በሁለቱ ጓዳዎች መሃል ክንድ የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች፤ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ዳገቱን ጎርፍ በጎርፍ ሲያደርገው፣ እማዬና እትዬ ዘነበች ደጅ ሳይወጡ በዚያች ቀዳዳ ጨው፣ ክብሪትና ወሬ ይቀባበሉ ነበር፤ ወሬው ከሁሉም ይበልጥ ነበር። አርክቴክቸር የጀመርኩት እዚያች ሥር ቁጭ ብዬ ነው ብላቸው ተማሪዎቼ ይስቁብኛል።

ዝናቡ ሲያባራ ቤቱ ለመስቀል ይመረግ ነበር። አባዬ ያን ግድግዳ ሲመርግ ቀዳዳዋ እንዳትደፈን፣ እማዬ ከወዲህ፣ እትዬ ዘነበች ከወዲያ ክንዳቸውን አስገብተው እጅ ለእጅ ይያያዙና፣ እሱ ዙሪያውን እየለሰነ እነሱ ይሳሳቁ ነበር።

አንድ ክረምት የእኛ ቤት አሸንዳ ተሰብሮ ውሃው እትዬ ዘነበች ጓዳ ገባና ዱቄታቸውን አበላሸው። ቃል ቃልን ወልዶ ተኳረፉ፤ እትዬ ዘነበችም ቀዳዳዋን በጨርቅ ወተፏት። ቤታችን ጭር አለ። እማዬ ጨው ሲያልቅባት በዝናብ ሱቅ ትልከኝ ነበር እንጂ ጨርቁን አትነካውም ነበር። እኔ ደግሞ መስቀል ሲመጣ ቀዳዳዋ ተደፍና ልትቀር ነው ብዬ፣ ዝናቡ ባያቆም እያልኩ እመኝ ነበር።

ዝናቡ ግን አቆመ። አባዬ ጭቃ የያዘ እጁን አንስቶ እማዬን፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ስትሉን አልነበር? እና ልድፈናት?» አላት። እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ከተተችና ጨርቁን ገፋችው። ከወዲያ የሚይዛት እጅ አልመጣም። አባዬም ዙሪያውን መምረግ ጀመረ። ክንዷ ሲዝል የእትዬ ዘነበች ድምፅ መጣ፤

«እጅሽ እንዴት ቀዝቅዟል፣ አንቺ! ሰው እንዲህ ይጨክናል?»

«አሸንዳውን አዙረነዋል እኮ፣» አለች እማዬ፣ እያለቀሰች።

ያ ሰፈር ፈርሷል፤ እትዬ ዘነበችም አርፈዋል። እማዬ አሁን የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ዝናብ አይፈራም፣ ምርጊት አይጠይቅም፤ በሙያዬ እንከን አላወጣሁለትም። ያችን ቀዳዳ ለምርምሬ ስንት ጊዜ ነደፍኳት፤ ወረቀት ላይ ታምራለች፣ ግን ከወዲያ በኩል የሚቆመውን ሰው ንድፍ አያመጣውም። ናፍቆቴም እሱ ነው።

ባለፈው እሁድ እማዬን ልጠይቃት ስሄድ ከጎረቤት ቤት ሳል ተሰማ።

«ይቺ ሴትዮ ሳሉ ጠናባት፤ ስሟን እንኳ አላውቀው፣» አለች እማዬ፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ። እንደዚያ ሆና ቆየች። ተመልሳ አጠገቤ ስትቀመጥ እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል።