ቀድሞ የሚስቅ ቴሌቪዥን

ወንድሜ ሲትኮም የሚባለውን የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ ሲያይ አጠገቡ ከመቀመጥ ጥርሴን ብነቀል ይሻለኛል። ለንደን፣ ኬኒንግተን ያለው ቤቱ ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን ግድግዳውን ሞልቶ ወደ መስኮቱ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። እዚያ ላይ ጥርሳቸው እንደ ኖራ የነጣ ወጣቶች ይወጡና አንዱ ዛሬ ቁርስ አልበላሁም ይላል። ይኼኔ የማይታይ ሕዝብ በሳቅ ይፈርሳል። ማን እንደሚስቅ፣ የት ተቀምጦ እንደሚስቅ፣ ምን በልቶ እንዲህ እንደጠገበ እግዜር ይወቅ። ወንድሜ እነሱ ሲጀምሩ ትንሽ ዘግይቶ ይጀምራል፣ እነሱ ሲያቆሙ ያቆማል። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው።

እስቲ አሁን ምኑ ያስቃል? አንዷ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ናት፤ አዳራሽ የሚያህል ቤት ውስጥ ትኖራለች። በአስተናጋጅ ደመወዝ እንዲህ ያለ ቤት የሚከራዩበትን አገር ንገሩኝና ነገውኑ ሥራዬን ለቅቄ ሰሃን ላመላልስ። አባትና ልጅ ይጣላሉ፣ ማስታወቂያ ያልፋል፣ ፒያኖ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። እኛ ቤት አንድ ኩርፊያ ከገና እስከ ፋሲካ ይዘልቃል፣ ያውም ሽማግሌ ከገባበት። አሜሪካኖቹ ሰው ሁሉ ቆንጆ፣ ጥፋት ሁሉ ይቅር የሚባል፣ ነገም ከዛሬ የተሻለ ነው ብለው ያምናሉ። ይህን የሚያምን ሕዝብ ቀልድ ከየት ያመጣል?

የእንግሊዞቹን እመርጣለሁ። እመርጣለሁ ማለት ግን አከብራለሁ ማለት አይደለም። የእነሱ ባለታሪክ መላጣ ነው፣ ሹራቡ ወይቧል፣ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ትንሽ ሹመት ይመኛል፣ አያገኝም። በሚቀጥለው ሳምንትም አያገኝም። የድሮዎቹ እነሱም የሚስቅ ሕዝብ ነበራቸው፤ ብዙዎቹ የአሁኖቹ ግን ጸጥ ያሉ ናቸው፣ መሳቅ አለመሳቁን ለተመልካቹ ይተዉለታል። ታዲያ ራሱን ሲሰድብ የሚውለው እንግሊዝ ትሑት እንዳይመስላችሁ። ሌላው ሳይሰድበው ቀድሞ ቦታውን መያዙ ነው። የተቀደደ ሹራብ ቢለብስም ትዕቢት ያው ትዕቢት ነው።

ይህን የማውቀው ከቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። ሥራዬ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ፍተሻ ላይ። መንገደኛ እንዳይቀልድ የሚከለከልበት ቦታ ነው፤ እኔም የምወደው ለዚሁ ነው። አሜሪካዊው ገና ቀበቶውን ሳይፈታ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቀኛል፣ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። እንግሊዙ ጫማውን አውልቆ ሳጥኑ ውስጥ እያስቀመጠ፣ ስለ ሽታው ይቅርታ፣ ባለቤቴም ጥላኝ የሄደችው በዚሁ ነው ይለኛል፤ ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አትንቀሳቀስም። ጫማው አይሸትም። ባለቤቱም ከኋላው ቆማ ቦርሳዋን እያራገፈች ነው።

ለወንድሜ ይህን ማስረዳት ከድንጋይ ጋር ማውራት ነው። በስደት እዚህ አገር ሲገባ እንግሊዝኛ የተማረው ከእነዚያ ነጫጭ ጥርሶች ነውና ሕጉ አንድ ነው፤ ቀልድ ከሆነ ይሳቃል፣ ካልተሳቀ ቁም ነገር ነው። አንድ ጊዜ አስቀምጬ ከምወዳቸው የእንግሊዝ ሲትኮሞች አንዱን አሳየሁት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየና፣ መቼ ነው የሚጀምረው ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ የእነሱን ሲትኮም ለቅሶ ቤት ይለዋል፣ እኔን ደግሞ ከእንግሊዝ በላይ እንግሊዝ ሆነሻል ይለኛል። እዚሁ የተወለደች አንዲት ልጅ አለችው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በዚህ ነገር ስንከራከር ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «አክስቴ፣ ኢትስ ኖት ዛት ዲፕ» ትለኛለች፤ ያን ያህል ጥልቅ ነገር አይደለም ማለቷ ነው።

ዲፕ መሆኑን ያየችው አንድ እሑድ ነው።

ልጅቷ አንድ እንግሊዛዊ መምህር ወዳ ነበር። ወንድሜ ልጁን አይቶታል፣ አልጠላውም፤ ብቻ በወጉ ሽማግሌ ይላክ አለ። የልጁ አባት ከደብራችን ሁለት ሽማግሌዎች ተፈልገውለት ከቅዳሴ በኋላ ሊመጣ ተቀጠረ። እኔ ከቤቴ ከቶተንሃም ስደርስ ልጅቷ በሩ ላይ ያዘችኝ። አባቷ እምቢ ካለ አልፋው እንደማታገባ ነገረችኝ። «ዳድን ብቻውን ትቼው ነው የምሄደው፤ ሳይመርቀኝ አልችልም» አለች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

እንግዶቹ ሲመጡ ሦስቱም በወጉ ቆሙ። የልጁ አባት ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራቫቱን አጥብቆ ያሰረ ሰው ነው፤ በሁለት እጁ ሪባን የታሰረበት የብስኩት ቆርቆሮ ይዟል። ለወንድሜ ሲሰጠው ከነዳጅ ማደያ እንደገዛው፣ ለውሻ ቢሰጥም እንደማይከፋው ተናገረ። ወንድሜ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠው። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ አንቱ የምንላቸው አዛውንት፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው አሳምረው ጠየቁ። ወንድሜም ስለ ልጁ ጠባይና ሥራ ከአባቱ አፍ መስማት እንደሚፈልግ በእንግሊዝኛ ተናገረ። እንግዲህ በእኛ ወግ እዚህ ላይ ልጁ ይካባል፤ ሰካራሙ ቆራቢ፣ ሥራ ፈቱ ነጋዴ ይሆናል።

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄን ከቤት ለማስወጣት ለዓመታት ሞክሬ አልሆነልኝም። ከወሰዳችሁልኝ ውለታችሁን አልረሳም» አለ። መምህር የሆነው ሌላ የሚችለው ሥራ ስለሌለ እንደሆነ ጨመረ። ምግብ ሲያበስል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገና ሳይጠሩ እንደሚነሡም ነገረን። ፊቱ ቀብር የመጣ ሰው ፊት ነው።

አዛውንቱ እንግሊዝኛቸው ብዙም አይደለምና ምን አለ ብለው ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ልጄን በጣም ነው የምወደው ይላሉ» አልኳቸው። ወንድሜ ገላመጠኝ። እሱ ቃል በቃል ሰምቶታል፤ አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ሲገተር አየሁ። የገዛ አባቱ ለናቀው ሰው ልጄን አልሰጥም ሊል ነው፤ ያን ፊቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንዴ ከአፉ ከወጣ ደግሞ ጳጳስ ቢለምነው አይመልሰውም። ገርበብ ካለው በር ጀርባ የልጅቷ ጥላ ሳይንቀሳቀስ ቆሟል።

ማስረዳት ምን ዋጋ አለው? ቀልድ ሲያስረዱት ይሞታል፣ ወንድሜ ደግሞ ሲያስረዱት ይብስበታል። ስለዚህ ሳቅሁ። ሳይጠሩት አቤት እንዲሉ፣ ከሆዴ፣ ጭኔን እየመታሁ፣ ልክ እንደዚያ እንደማይታየው ሕዝብ ሳቅሁ። ሽማግሌዎቹ የታመምኩ መስሏቸው አዩኝ። እንግሊዙም ደነገጠ፤ ግን ጎበዝ ነው፣ አላቆመም፤ ልጁ ሲወለድ ሐኪሙ መልሶ እንዲወስደው ለምኖ እንደነበር ተናገረ። እንደገና ሳቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስንቀው የኖርኩት ጩኸት ከገዛ ጉሮሮዬ ሲወጣ እየሰማሁ አፈርኩ፣ ቢሆንም ቀጠልኩ።

ወንድሜ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ እንግሊዙን። ከዚያ የፊቱ ቆዳ ላላ። እንደ ልማዱ ትንሽ ዘግይቶ ጀመረና አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አብሮት እንዳለ ሰው ሳቀ። ልጁን አሳልፎ እየሰጠ ይስቃል፤ ጥርስ ባዳ ነው። ዓይኑን እየጠረገ፣ «ተቀመጡ» አላቸው። እሺ ሳይባሉ ላይቀመጡ ቆመው ነበርና ይህ ቃል እሺታው ነው። አዛውንቱ ምኑ እንዳሳቀን ሳይገባቸው መረቁ። ልጅቷ ከክፍሏ ወጥታ የአባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ፒያኖ ብቻ ነበር የጎደለን።

እንግሊዙ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ በእነሱ ቤት እንዲህ አይሳቅም። ደህና ነኝ አልኩት።

ልጅቷ ልትሸኛቸው ወረደች። ወንድሜ ሶፋው ላይ ዘፍ አለና ወዲያው ቴሌቪዥኑን ከፈተው። እነዚያ ጥርሶች ብቅ አሉ። ደሜ ፈላ። ልጁን ለመዳር እሺ ባለበት ቀን እንኳ ይህን ቆሻሻ የሚያይ ምን ዓይነት ሰው ነው?

«ጋሼ፣ እንዲያው ምኑን ነው የምታየው?» አልኩት።

ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። «እዚህ አገር ስመጣ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ብቻውን የሚስቅ እብድ ነው ይባል የለ? እነሱ ሲስቁ እኔም እስቅ ነበር» አለ። ሪሞቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «ልጅቷ ስትሄድ ያው እነሱ ናቸው የሚቀሩኝ» አለ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዱ በሩን ከፍቶ ገባና ጃንጥላውን ታክሲ ውስጥ ረስቶ እንደመጣ ተናገረ። የማያስቅ፣ የከሰረ ቀልድ ነው፤ ዛሬም ቃሌን አላጥፍም። ወንድሜ ግን አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሳቁን እየጠበቀ ነበር። ሕዝቡን ቀድሜ ሳቅሁለት።