እንግዳው ከጎብኚዎች ባቡር የወረደበት ቀን

አያ እንግዳው ሱዳን ውስጥ በኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር ጎረቤቴ ነው። ዛሬም ለሰው ሻይ ሲያቀርብ ግራ እጁን ከጀርባው አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። «ሚኒስትር መጣብህ እንዴ?» እያልን እናሾፍበታለን። እሱ አይቆጣም። እኔ ግን አንዳንዴ እቆጣለሁ፤ ያን ጎንበስ ማለት የት እንደ ለመደው አውቃለሁና።

የለመደው ባቡር ላይ ነው። በሰባ ሰባት፣ አገር በረሃብ ሲያልቅ፣ ከካርቱም ተነስቶ በገዳሪፍና በከሰላ በኩል እስከ ቀይ ባሕር ወደብ የሚሄድ የጎብኚዎች ባቡር ነበር። ተሳፋሪዎቹ የሐሩር አገሮችን ተራ በተራ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብለው የሚጎበኙ የውጭ አገር ሀብታሞች ናቸው። በየክፍሉ ማራገቢያ፣ በየማለዳው አዲስ አንሶላ፣ ከምሳ ጋር በረዶ የገባበት ከርከዴ አለላቸው። እንግዳው አንሶላ ያነጥፋል፣ ገበታ ያስተናግዳል። በዚያ ሙቀት ነጭ ጓንት ያደርግ ነበር። ጓንት!

ሥራውን ያገኘው በሰው ስም ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከመተማ ወጥቶ ድንበር ማዶ ቁረይሻ ሰሊጥ ሊያጭድ መጣ፤ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋበትና በዚያው ቀረ። ወረቀት አልነበረውም። ከማሉ የሚባል ሰው ሞቶ መታወቂያው እጁ ሲገባ በዚያ ተቀጠረ። ከማሉ ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ እንግዳው ማተቡን በጠሰ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ረሃቡ ሲጠና፣ ልጇ መሆኑን ሳይናገር፣ ባገኘው አበሻ ሁሉ እናቱን በስሟ ያፈላልግ ጀመር። አንድ ቀን ታከለ የሚባል የገዳሪፍ ጣቢያ ተሸካሚ ጠጋ አለው።

«ደብሪቱ የምትባል የመተማ ሴት እዚህ የስደተኞቹ መጠለያ ገብታለች። ረሃቡ ዓይኗን አጥፍቶታል። እዚያ በየቀኑ ሰው ይቀበራል፤ ቶሎ ካላወጣሃት አትተርፍም።»

«በሚመጣው ሐሙስ ባቡሩ ሲቆም ውሃ ታንከሩ ሥር አድርስልኝ» አለው እንግዳው።

ያሰበው እንዲህ ነው፤ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ደብቆ ከሰላ ሊያደርሳት። እዚያ የተከራያት ክፍል አለችው፣ ሐኪም ቤትም ቅርብ ነው። ቢያዝ ሥራውም መታወቂያውም ይሄዳል። በዚያው ሳምንት ሁለት ብርጭቆ ሰበረ፣ የአንዱን ክፍል ሻይ ለሌላው ወሰደ።

ሐሙስ ደረሰ። የአስተናጋጆቹ አለቃ ሙዘይን፣ ገዳሪፍ ሲቃረቡ የመስኮቱ መከለያ ሁሉ እንዲዘጋ አዘዘ። እንግዶቹ ምሳ ላይ ናቸው፤ በውጭ የተኮለኮለውን ሰው ማየት የለባቸውም። አንዲት አሮጊት ጎብኚ ለምን እንደ ጨለመ እንግዳውን ብትጠይቀው «ፀሐዩ እንዳያስቸግርዎ ነው» አላት። ይህን ሲነግረኝ እስካሁን ያፍራል። ማፈሩም ደግ ነው።

ባቡሩ የሚቆመው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሠራተኛ መውረድ አይፈቀድለትም። እንግዳው በወዲያኛው በር ሹልክ ብሎ ሮጠ። ታከለ ቃሉን ጠብቋል። ከታንከሩ ሥር አንዲት አሮጊት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እንግዳው ከአገር ሲወጣ እናቱ ገና አላረጀችም ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ እንግዳው። ተነሽ፣ ጊዜ የለንም።»

እሱ ከቤት ሲወጣ ድምፁ ገና አልጎረነነም ነበር። እናቲቱ አዳመጠችና እጇን ሰደደች። ፊቱን ዳሰሰች፤ ጺም አለው። ወደ አንገቱ ወረደች፤ ዙሪያውን ዳሰሰች፣ ደግማ ዳሰሰች። እጇን ሰበሰበች።

«ማተብ የለህም» አለች። «የኔ ልጅ በነፍሱ እያለ ማተቡን አይበጥስም።»

«ለሥራ ብዬ ነው እማዬ! ታከለ፣ ንገራት እንጂ!»

ታከለ ምን ይንገር? እሱም የሚያውቀው ከማሉን ነው። ደቂቃው ይሄዳል። እንግዳው ላብ በላብ ሆኖ ያወራ ጀመር። የአባቱን የላቀውን ስም ጠራ። ቀይዋ ላም በመስቀል ማግሥት ገደል እንደ ገባች ነገራት። ግራ እግሯ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ፣ እሱን ተሸክማ ምድጃው ላይ ስትወድቅ ያገኘችውን፣ ሳያይ ነገራት። ፊቷ ሲለወጥ አየና አመነችኝ ብሎ ደስ አለው።

«ይህን ሁሉ አጫወተህ?» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያ እስከ መጨረሻው አብረኸው ነበርክ። አትደብቀኝ የኔ ልጅ፤ የት ቀበራችሁት?»

ባቡሩ ጮኸ። እንግዳው ብድግ አድርጎ አቀፋት፤ ካንድ ጥቅል አንሶላ አትከብድም። እሷም ባላት አቅም ኡኡ አለች። ሰው ግር ብሎ ተነሳ፣ ታከለም ክንዱን ያዘው፣ «አስቀምጣት! ሊወግሩህ ነው!» እያለ። ሙዘይን ከበሩ ላይ ይጮሃል፦ «ያ ከማሉ! ያላ! ና ቶሎ!» መንኮራኩሩ መሽከርከር ጀመረ። ቢሮጥ ይደርስበታል። እንጀራው፣ ክፍሉ፣ ወረቀቱ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። እንግዳው እናቱን መሬት አስቀመጠና አጠገቧ ተቀመጠ።

እናቲቱ ልጇን አለቀሰች። የመጠለያው ሰው መጣ፣ በወጉ ሦስት ቀን ተቀመጠላት፤ እንግዳውም የራሱ ለቅሶ ላይ ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናህ፣ ጓደኛህ ነበር አሉ» ይሉታል። እሱም «አብሮ ያጥናን» ይላል። በየመሃሉ ሰልፍ ተሰልፎ ገንፎ ያመጣላታል፣ በማንኪያ ያጎርሳታል። ተቅማጡ ሲመጣባት እዚያው ሲያጥባት ሰነበተ። ተረፈች።

ከዚያ ኡም ጋርጉር አመጣትና ጎጆ ቀለሰላት። እኔም ያወቅኋቸው ያኔ ነው። ስንት ጊዜ ሊያስረዳት ሞከረ! «ደግ ሰው ነህ፤ ግን በሙት አትቀልድ» ትለዋለች። ቄስ አስመጣ፣ ሽማግሌ አስመጣ፤ አዝነውላት ያባበሏት መሰላት። እኔ ብሆን አብድ ነበር። እሱ በአራተኛው ወር ገደማ መሟገቱን ተወ። አራት ዓመት ጦራት።

የሞተች ዕለት እኔም ነበርኩ። ውሃ አጠጣትና አፏን ጠረገላት። እጁን ይዛ ብዙ መረቀችው።

«እንግዲህ ልጄ ጋ መሄዴ ነው» አለችው። «እንዴት አድርገህ እንደ ጦርከኝ አንድ ሳላስቀር እነግረዋለሁ።»

«ንገሪልኝ» አላት።