የሚያደርሰው ሰው

ዓይኑን ሊታከም የመጣው ሽማግሌ፣ አንድ እግሩ አጥሮ የሚወዛወዝ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ከጆሮው አላወረደም። ጫማው ያብረቀርቃል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ግን ተገልብጦ የተሰፋ መሆኑን ወለል የምትወለውለው ሴትዮ አይታለች።

“ሚኒስትሩ ማለት ወንድሜ ነው! ስንቱን አለቃ እኔ ነኝ ያስቀጠርኩት!” ይላል፣ አዳራሹ እስኪሰማ።

ነርሷ ብቅ አለች። “አባባ፣ ዓይንዎ ታሽጎ ነው የሚወጡት። ቤት የሚያደርስዎ ሰው ከሌለ ቀዶ ጥገናው ይቀራል።”

ስልኩን ላይ ታች ነካካ፤ ለማንም አልደወለም።

“ያ ሁሉ ወንድም የት ገባ?” አለች ሴትዮዋ በሆዷ። መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋም፣ “ሥራዬን ስጨርስ እኔ አደርሳቸዋለሁ” አለች።

ሽማግሌው ቢዝነስ ካርድ መዘዘላት። “ሥራ ከፈለግሽ ደውይልኝ። የማላውቀው ሰው የለም።”

እሱ ወደ ቀዶ ጥገናው ሲገባ ካርዱን ደጋግማ አጠፈችና ከወንበሩ አጭር እግር ሥር ወተፈችው።

“እሰይ፣ አንተ እንኳ ሰው አገኘህ” አለችው ወንበሩን።