የአማች መላጊያ

ሰኔ አሥራ አንድ ቀን፣ በጓሮው ወርክሾፕ ውስጥ አንድ የእንጨት መላጊያ በሞርሳ እንደተያዘ ቀረ። አካሉ አልቋል፣ ስለቱ ተስሏል። ስለቱን አጥብቆ የሚይዘው ሽብልቅ ብቻ ገና አልተጠረበም። መያዣው የተቀረጸው ለቀኝ እጅ ነው፣ ለሠሪው ሴት ልጅ። ልጃቸው ግራኝ ነበረች።

አባትየው መላጊያ ሠሪ ነበሩ። ሰፈሩ «አባ ሽብልቅ» ይላቸዋል፤ አንዴ ከገቡ አይወጡም ለማለት። ልጃቸው በሰጋቱራ ላይ ድክ ድክ ብላ ያደገች ናት። ስትልግ ከመላጊያው አፍ የሚወጣው ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል። እሳቸው ዘንድ ሙያ የተማረ አናጢ አገባች፤ ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሁሉ ባልየውን እያየ «ግራኟ ትሥራልን» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ይህ አባባል ባልየውን አንገበገበው። ግራ እጇን ሞርሳው ውስጥ አስገብቶ እጀታውን አዞረ፤ አጥንቱ ሲንኮሻኮሽም አላቆመም።

«እስቲ አሁን ላጊ!»

እጇን በሽርጧ ጠቅልላ አባቷ ቤት ደረሰች። «አትመለሺም፤ እሱም ይህን ደጅ አይረግጥም» አሏት። ሰም አስጨብጠው የቀኝ እጇን ልክ ወሰዱ፤ አዲሱን መላጊያም ጀመሩ።

ችግሩ፣ የአማቻቸው ረጅም መላጊያ ለጥገና እሳቸው ዘንድ መቀመጡ ነበር። ሰውየው በሩን መደብደብ ጀመረ።

«መላጊያዬን አምጡ!»

«ስጠውና ይጥፋልን!» አለች እኅታቸው። «ወይ ፍለጠውና አንድደው!»

«ታችኛው ገጹ ጎብጧል። የሠራሁት ዕቃ ጎብጦ ከቤቴ አይወጣም።»

«የልጅህ እጅ ጎብጦ የለም እንዴ? ለእንጨት ታለቅሳለህ!»

ቢሰጡ እንደሚገላገሉ ያውቃሉ፤ እጃቸው ግን እሺ አላለም።

በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ወደቀ። ባልየው ከግድግዳው ላይ የእንጨት መዶሻ አነሳና መደርደሪያው ላይ ያገኘውን መላጊያ ሁሉ ይሰባብር ጀመር። አባ ሽብልቅ ኮሌታውን ያዙ። መዶሻው ከጆሯቸው በላይ አረፈ። ልጣጩ ላይ ተዘረሩ፤ ጎናቸውን በጫማው ደጋግሞ መታቸው። ከዚያ ሚስቱን በጸጉሯ እየጎተተ ወደ በሩ አመራ። እሷም በደህና እጇ ምድጃ ላይ የሚፈላውን የእንጨት ማጣበቂያ ኮላ አንስታ አንገቱ ላይ ደፋችው። ጩኸቱን ሰምተው የመጡ ጎረቤቶች እግሩን ይዘው መንገድ ላይ አወጡት፤ እኅትየው «ተዉት፣ እጃችን ላይ እንዳይሞት!» እስክትል ድረስም ቀጠቀጡት።

ፖሊስ ጣቢያ «ዕቃዬን ልወስድ ሄጄ ተቃጠልኩ» አለ። ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ ተለቀቀ። በደጃቸው ሲያልፍ፣ «መላጊያዬ እዚያ እስካለ እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸ።

አባ ሽብልቅ ሐኪም ቤት አልሄድም አሉ። የልጃቸውን ሥራ ሞርሳው ላይ ትተው የሱን መላጊያ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። ጥቂት ይልጋሉ፣ ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ፣ ጎንበስ ብለው ባልዲ ውስጥ ያስመልሳሉ።

«አባዬ፣ የኔን ጨርስልኝ እንጂ! የሱ ምን ያደርግልሃል?»

«የሱ ካላለቀ አንቺ እንቅልፍ የለሽም።»

ያን ዕለት፣ ሰኔ አሥራ አንድ ማታ፣ ጋደም እንዳሉ አልነቁም። ሐኪሙ፣ ከመዶሻው ምት ጀምሮ ደም በራስ ቅላቸው ውስጥ ሲጠራቀም ነበር አለ። አማቻቸው በማግስቱ ታሰረ።

ከመሞታቸው በፊት ግን፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የአማቻቸውን መላጊያ ዘይት ቀብተው በጋዜጣ ጠቀለሉና ግድግዳ እየተደገፉ ቤቱ ሄዱ። አንገቱን በፋሻ እንደጠመጠመ ከፈተላቸው። መዶሻ እንዳልያዙ ለማየት እጃቸውን እጃቸውን አየ።

«ምን ፈለጉ?»

ገፍተውት ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ካገኙት ቁራጭ ጣውላ አንዴ ላጉ፤ ልጣጩ ሳይበጠስ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ወረደ። መላጊያውን ደረቱ ላይ አስታቀፉት።

«እየው፣ ቀጥ ብሏል። ከእንግዲህ እኔ ቤት የቀረህ ነገር የለም፤ እንጨትም፣ ሰውም።»

ወጡና በሩን ከውጭ ሳብ አድርገው ዘጉት።