በቅበላ ቀን ያጠለቅኩት ጭምብል

ባለፈው እሁድ፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ ዕለት፣ ዘጠኝ ጥቁር ካባ ተሸክሜ አንድ የጣሊያኖች አዳራሽ በር ላይ ቆሜያለሁ...

እኔ እንግዲህ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ካባዎቹን ያዘዙኝ አንዲት የቬኒስ አሮጊት ናቸው። ጆበርግ ከመጡ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲኞራ ነው የሚላቸው።

ሥራውን ያመጡልኝ ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ። ጥቁር ካባ፣ ላዩ ላይ ፊት የሚሸፍን ነጭ ጭምብል... የምን ማኅበር ነው ይሄ ብዬ ልመልሰው ምንም አልቀረኝም። ፊቴን አይተው ሳቁብኝ።

«በእኛ ከተማ ጾም ሊገባ ሲል እንዲህ ነው። ሥጋውን በደንብ ተሰናብተነው ነው የምንገባው» አሉኝ።

ቅበላ ነው በሉኛ! ዘንድሮ ደግሞ የእነሱም የእኛም አንድ እሁድ ላይ ገጠመ።

በሩ ላይ ዘበኛው ያለ ጭምብል አይገባም ብሎ መለሰኝ። ሲኞራ መጡና አንዱን ካባ አልብሰው ጭምብል በእጃቸው ፊቴ ላይ አሰሩልኝ።

ገባሁ... አሁን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መስኮቱ ሁሉ በወርቃማ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሰማያዊ ሐር፣ የወፍ ላባ፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ፊት የለውም። ማን ሀብታም ነው፣ ማን አስተናጋጅ ነው፣ ማን ጥቁር ማን ነጭ... አይታወቅም። እኔ የሰፋሁት ካባ በአጠገቤ ሲያልፍ የራሴን ሥራ አላወቅኩትም። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ አገር ስኖር ማንም «የት አገር ሰው ነህ?» ሳይለኝ የዋልኩበት የመጀመሪያ ቀን ይሄ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ደግነቱ አይታይም። የጭምብሉ አገጭ ወደፊት ወጣ ያለ ስለሆነ ሳያወልቁት ይበላሉ። እኔም ሥጋዬን ከሥር ከሥር አስገባሁ።

ሲኞራ ጥግ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወይን የሚጠጡ ሁለት ሽማግሌዎች አሳዩኝ።

«ወንድማማቾች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ አይነጋገሩም። ዛሬ ብቻ ነው» አሉኝ።

«አይተዋወቁም እንዴ?»

«በአረማመዳቸው ይተዋወቃሉ እንጂ! ግን ጭምብል ያደረገ ሰው ስሙ አይጠየቅም፣ ያለፈው አይነሳበትም። ደግ ዋልክ ብለህ አጠገቡ መቀመጥ ነው።»

ሽማግሌዎቹን ሳያቸው ማቴዎስ ትዝ አለኝ።

ማቴዎስ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ዲፕስሉት የሚባል ሰፈር ሱቅ ነበረው። እዚህ አገር ስመጣ ወንድም የሆነኝ እሱ ነው። ዓምና የእናቴን ሞት ስረዳ ጆበርግ ያለ አበሻ ሁሉ ቤቴን ሞላው... ማቴዎስ አልመጣም። ሰልስት አልፎም አልመጣም። እኔ ሁሉን እችላለሁ፣ ለቅሶ መቅረትን አልችልም። ስልኩን ብሎክ አደረግኩ። በኋላ ሱቁን ዘግቶ ከተማ መሃል፣ ቤሪያ ሰፈር ሌላ ከፈተ ሲሉኝ «ሰው ሆኗላ!» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ነገ ጾም ይገባል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ሲኞራን «ይህን ጭምብል ለአንድ ሰዓት ያውሱኝ» አልኳቸውና ካባውን እንደለበስኩ ወጣሁ። ከነአካቴው ይቅርታ መጠየቅም ይቅር ማለትም የለም፣ አጠገቡ መቀመጥ ብቻ... እንዴት ያለ ብልህ ሕዝብ ነው እያልኩ ነበር መንገዱን ሁሉ።

ቤሪያ ስደርስ ማቴዎስ ሱቁ ውስጥ ሻጩን ከገዢ ከሚለየው የብረት ፍርግርግ ወጥቶ ፍሪጁ ውስጥ ለስላሳ ይደረድራል። ጀርባውን ነው የሰጠኝ። ጭምብሌን አጠለቅኩ፤ ድምፄን ወፈር አድርጌ በዙሉ ቋንቋ «ሳውቦና» ብዬ ሰላም አልኩት።

ዞረ።

ጠርሙሱ ከእጁ ወደቀ። ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን አናቱ ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፍኖ በእንግሊዝኛ «ሁሉንም ውሰድ፤ ፊቴን ብቻ አትምታኝ» አለ።

የሠራሁት ነገር ያኔ ገባኝ። ጭምብሉን ላወልቅ ስል ክሩ እንቢ አለኝ፤ ወደ አናቴ ገፋሁት።

«ማቴ! እኔ ነኝ፣ ሙሉጌታ ነኝ!»

ዓይኑን ገልጦ ብዙ አየኝ። ከዓይኑ ሥር እስከ ከንፈሩ የወረደ ጠባሳ አለ። እኔ የማውቀው ማቴዎስ ጠባሳ አልነበረውም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲፕስሉት... ዘራፊዎች ፊታቸውን ሸፍነው ገቡብኝ። እናትህን በተረዳህ ማግስት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አገር ቤት ሚስቴ እንዳትሰማ ለማንም አልነገርኩም። ለቅሶህን ደግሞ... ጃኬቴን ለብሼ በርህ ድረስ መጥቻለሁ። ፊቴ እንዲህ ተሰፍቶ፣ አንዱ ዓይኔ ተደፍኖ። በዚህ ፊት ብገባ ሰው እናትህን ትቶ ለእኔ ሊያለቅስ ነው ብዬ ተመለስኩ። በኋላ ስደውል ስልክህ እንቢ አለኝ።»

እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ከነካባዬ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ለእናቴ ያላለቀሰልኝን ያኔ አለቀሰልኝ። እኔም ለእሱ ፊት አለቀስኩ። ኮካ ኮላው ከሥራችን ፈሶ የሁለታችንም ሱሪ ረጥቧል። አንዲት የሰፈሩ ሴት ዳቦ ልትገዛ መጥታ አየችንና ቀስ ብላ ወጣች።

ከዚያ ሱቁን ዘጋና ዶሮ ጠብሶ አቀረበልኝ። እሱ ጴንጤ ነው፣ የእኛን ጾም አይጾምም፤ ቅበላውን ግን አብሮኝ ተቀበለ።

ሰኞ ጭምብሉን ስመልስላቸው ሲኞራ «ታረቃችሁ?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ጭምብሉን አገላብጠው አዩና ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

ወገኖቼ፣ የቬኒሶቹን ባህል ከልቤ አደንቃለሁ... ጆበርግ ላይ ግን ለእርቅ ስትሄዱ ፊታችሁን ገልጣችሁ ሂዱ።